የምንይሉ ሳጥን ስንት ሰዓት ይቆያል?

ሰው መናቅ እንደ ሙያ ቢቆጠር ኖሮ የሞላሌው ፎቶ አንሺ ምንይሉ በወረዳው አንደኛ ይወጣ ነበር። ገበሬውን ይንቃል፤ ለመታወቂያ ፎቶ ሲመጣ አንገቱን እንደ ግንድ ያደርቃል ብሎ። የጽሕፈት ቤቱን ሠራተኛ ይንቃል፤ ከረባት ማሰር አያውቅም ብሎ። መምህሩን ይንቃል፣ ነጋዴውን ይንቃል፣ ደጁ ላይ ተሰልፎ እንጀራ የሚያበላውን ደንበኛ ሳይቀር "ገጠሬ" እያለ ይጠራዋል። እሱ ራሱ የተወለደው ከሞላሌ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ፣ ገብስ ማሳ መካከል፣ ጣሪያው በጓሳ ሣር በተከደነ ቤት ውስጥ ነው። ይህን የሚያነሣበት ሰው ግን አይወድም።

አባቱ ቄስ ነበሩ። ልጃቸው ዳዊት ተምሮ፣ ዲቁና ተቀብሎ እንዲያገለግል ይመኙ ነበር። ልጁ ዳዊቱን ከመካከል ጥሎ ደብረ ብርሃን ገባና ከአንድ የቀድሞ ሠራዊት ፎቶ አንሺ ዘንድ ውሃ እየቀዳ፣ ወረቀት እያጠበ ሦስት ዓመት ተቀመጠ። ኢሕአዴግ አገሩን በያዘ በአራተኛው ዓመት አንድ አሮጌ ካሜራ፣ አንድ ሰማያዊ መጋረጃና ተነሺ የሚለብሳቸው ሁለት ኮቶች ይዞ ሞላሌ ተመለሰ። ጊዜው የመታወቂያ ጊዜ ነበርና ሥራ አላጣም። ቀበሌው ፎቶ አምጡ ይላል፤ ትምህርት ቤቱ ፎቶ አምጡ ይላል። ምንይሉም ሰዉን መጋረጃው ፊት እያቆመ "አገጭህን ቀና! አትገተር! ሰው ምሰል እንጂ!" እያለ ይጮኽበታል። የሚጮኽ ባለሙያ እንደሚያውቅ ይቆጠራልና ማንም አልተቀየመውም።

ሐቁን እንናገር ከተባለ እጁ ክፉ አልነበረም። እስከ ጓሳ ተራራ አፋፍ ድረስ በየቤቱ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው የሟች ፎቶ ሁሉ እሱ ያነሣው ነው። ለቅሶ ሲደርስ ግን ቀና ብሎ "ብርሃኑን እዩት እስቲ! ጥላውን እዩት!" ይላል እንጂ ሟቹ እንዴት ሞተ ብሎ ሲጠይቅ የሰማው የለም።

ንቀቱ ልክ ያጣው ሳጥኑ ከመጣ በኋላ ነው። ጓሳ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ ሲያጠና የከረመ አንድ ፈረንጅ ነበር። ምንይሉ ሁለት በጋ ዕቃውን እየተሸከመለት፣ በሚያውቃት ቅንጥብጣቢ እንግሊዝኛ እያስተረጎመለት አገለገለው። ፈረንጁ በ1999 ዓ.ም. ክረምት ሲሄድ ለራሱ አዲስ ስለገዛ፣ አሮጌዋን ትንሽ ዲጂታል ካሜራና የፎቶ ማጠራቀሚያውን ትቶለት ሄደ። ምንይሉ ሲያወራው ግን "ተሸለምኩ" ነው የሚለው።

ማጠራቀሚያው አንድ ዳዊት የሚያህል ጥቁር ሳጥን ነው። የካሜራውን ካርድ ይጎርስና በላዩ ያለውን ፎቶ ሁሉ ወደ ሆዱ ይገለብጣል፤ ካርዱም ተጠርጎ ለሌላ ፎቶ ይዘጋጃል። ፊቱ ላይ የግማሽ መዳፍ ስፋት ያላት መስታወት አለች፤ የተጠራቀመው ፎቶ በእሷ ይታያል። ምንይሉ የሟች አባቱን ዳዊት ለእህቱ ሰጠና የቆዳ ማኅደሩን ለራሱ አስቀረ፤ ሳጥኑ ልክክ ብሎ ገባበት። ከዚያ ወዲህ ደረቱ ላይ ሳያንጠለጥል ከቤት ወጥቶ አያውቅም። አንድ ሽማግሌ "ተመስገን፣ ዳዊት መድገም ጀመርክ?" ቢሉት ማኅደሩን ከፍቶ ጭላዳ አሳያቸው።

ችግሩ፣ ሳጥኑ የገባለትን ፎቶ በወረቀት አያወጣም። ለማሳጠብ ደብረ ብርሃን ድረስ ወርዶ ኮምፒዩተር ላይ መገልበጥ ያስፈልጋል። ምንይሉ ደግሞ ማንሣት እንጂ መውረድ አይወድም። ስንቱን አንሥቶ "አሳጥቤ እሰጥሃለሁ" እያለ ከጭላዳዎቹ ጋር አንድ ላይ አጎረው። ከነዚያ አንዱ ወዳጆ ነበር።

ወዳጆ ጓሳ ጥግ ባለች መንደር የሚኖሩ የእማማ ጌታነሽ ልጅ ነው። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት በገባ በማግስቱ፣ ስንቁን በጫንቃው አንጠልጥሎ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማ ሲወርድ ምንይሉ ጓሳ ላይ አገኘውና ካሜራውን ሊሞክርበት አቆመው። "ሳቅ እንጂ አንተ! መርዶ ነጋሪ መሰልክ እኮ" አለው። ወዳጆ ሳቀ። በዕድሜው ፎቶ ተነሥቶ አያውቅም ነበርና "ለእናቴ ይስጡልኝ" ብሎ መንገዱን ቀጠለ። በጥቅምት መጨረሻ መርዶው መጣ። ወባ እዚያው ቆላ አስቀርቶታል፤ የተቀበረውም እዚያው ነው። እናቱ የሚያለቅሱበት መቃብር አጥተው ያረጀ ጋቢውን ዘርግተው አለቀሱ።

ምንይሉ መርዶውን ሰምቷል። ሰምቶም በሰርካለም ጠላ ቤት አንድ ቀን ሳጥኑን መታ መታ አድርጎ፣ "ያ መተማ የሞተው እንኳ እዚህ ውስጥ አለ። እኔ ያላስቀረሁት ሰው የለም" ብሎ ጎረረ። ለእናቱ መስጠት ግን ትዝ አላለውም። ወሬው ከገበያተኛ ጋር ጓሳ ለመድረስ አንድ ሳምንት አልፈጀበትም።

በኅዳር አጋማሽ በገበያ ቀን የወዳጆ ታላቅ እህት እታገኝ ከዚያ ሁሉ መንገድ መጥታ ሰርካለም ቤት ድረስ አፈላልጋ አገኘችው። ጠላ ቤቱ ሙሉ ነበር። እሷም አልተቀመጠችም።

"ጋሼ ምንይሉ፣ እናቴ ታማለች" አለች። "ጤና ጣቢያ ልቧ ነው አሉን። ተስፋ የለውም ብለው ወደ ቤት መለሷት። የልጄን ፊት አንድ ጊዜ አይቼ ልሙት ትላለች። አሳጥበው ይስጡን እንዳልል፣ ደብረ ብርሃን ተደርሶ እስኪመለስ የምትቆይልኝ አልመሰለኝም።"

"ታዲያ እኔ ለአንድ ፎቶ ብዬ ጓሳ ልውጣ?" አለ ምንይሉ፣ ወደ ጠጪዎቹ ዞሮ፤ ፍርድ የሚጠይቃቸው ይመስል። ማንም አልሳቀለትም። እታገኝም አልሄደችም፤ መቃኑን ይዛ እንደቆመች ቀረች።

ያን ዕለት ምንይሉን የያዘው ሌላ ጉዳይ ነበር። የፊዚክስ መምህሩ ዮሴፍ አጠገቡ ተቀምጧል፤ ከተቀመጠበት ጊዜ ጀምሮ ሲከራከሩ ቆይተዋል። ከሳጥኑ ጋር የመጣች አንዲት ወረቀት ነበረች። ባትሪው አንዴ ከተሞላ፣ ፎቶ በተከታታይ እያሳየ ስምንት ሰዓት ይቆያል ትላለች። ምንይሉ ይህችን ወረቀት አጣጥፎ ኪሱ ይዟታል።

"ያ ፋብሪካው ውስጥ ነው" አለ ዮሴፍ። "ባትሪ ብርድ አይወድም። እኛ አገር አምስት ሰዓት ከሞላ እኔ መምህር አይደለሁም።"

"ኧረ ባክህ! ጠመኔ ከመያዝ ሌላ ምን ታውቃለህ? ፈረንጅ የጻፈውን አንተ ልታርም ነው?"

"ሙክት እንወራረድ።"

"እንወራረድ!"

መንዝ ውስጥ ውርርድ እጅ ተመትቶ የሚቀር ጨዋታ አይደለም። እንደ ሙግት ነው፤ ቃሉ ይቆረጣል፣ እማኝ ይቆማል። ጠጪው ሁሉ ዳኛ ሆነና ቃሉን አስቆረጣቸው። ሳጥኑ ጠዋት ይበራል። ፎቶዎቹ ሳያቋርጡ ይመላለሳሉ። ቀድሞ ያጠፋ ወይም የነካካ ተረታ። እማኙም ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በዓይኑ ያያል፤ እማኝ ያላየው አይመሰከርምና። መምህሩ ክፍል አለው፤ ቀኑን ሙሉ ሳጥን ሲያይ ሊውል አይችልም። ለእማኝነት የተመረጡት አቶ ትዕዛዙ ናቸው። እድሜ ልካቸውን የጓሳን ሣር ከማይፈቀድለት ማጭድ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ቃላቸው እንደ ማኅተም የሚታመን ሰው ናቸው።

"እኔ ግን ነገ ወደ ቤቴ ወጪ ነኝ" አሉ አቶ ትዕዛዙ። "የእነዚህ ጎረቤት አይደለሁም?" ብለው በሩ ላይ የቆመችውን እታገኝን አመለከቱ።

ያን ጊዜ ነው ምንይሉ ትልቁ ሐሳብ የመጣለት። ለምን ሳጥኑ እዚያው ጓሳ ላይ አይፈተንም? ብርድ ካለ እዚያ ነው፤ እዚያ ስምንት ሰዓት ከቆየ መምህሩ አፉን ይይዛል። አንድ ሰዓት ላይ ቢበራ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይዘልቃል፤ የነእታገኝ ቤት የሚደረሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት ግድም ነው። አሮጊቷም ታያለች፣ ሙክቱም ይገባል። "በይ ደስ ይበልሽ፣ እመጣለሁ" አላት። እታገኝ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ማለት ይህ ነው፤ መንገዱን ለሴትዮዋ ብሎ ብቻ ቢሄደው ምን ነበረበት?

በማግስቱ አንድ ሰዓት ላይ ዮሴፍ ባለበት ሳጥኑ በራ። ውስጡ ዘጠኝ መቶ ያህል ፎቶ ነበር። አንዱ ፎቶ ለጥቂት ሰከንድ ይታይና ለሌላው ይለቃል፤ ሁሉም ታይተው እንደገና እስኪጀምሩ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃሉ። ከዘጠኝ መቶው ሰባት መቶው ጭላዳ ነው። ጭላዳ ሲበላ፣ ጭላዳ ሲያካክ፣ ጭላዳ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀመጥ። ከዚያ ሳይታጠብ የቀረው የሰው ሁሉ ፎቶ፣ አንድ ሁለት ቀይ ቀበሮ፣ የምንይሉ የራሱ ፎቶ ከረባት አስሮ በአሥራ አራት ዓይነት አኳኋን፣ መጨረሻው ላይ ደግሞ ወዳጆ፤ አንድ ጊዜ ብቻ።

እስከ መሐል ሜዳ በአይሱዙ ሄዱ። ምንይሉ ከሹፌሩ አጠገብ ገባ፤ አቶ ትዕዛዙ ከእሱ ጎን ተጠጉና ዓይናቸውን መስታወቷ ላይ ተከሉ። ከመኪናው ወርደው ሲነሡ እታገኝም ተጠጋች። ወዲያው ከቀበሮዎቹና ከምንይሉ ከረባቶች በኋላ ወንድሟ መጣ። ስንቁን በጫንቃው አንጠልጥሎ፣ ጥርሱ ሁሉ ታይቶ ይስቃል። እታገኝ "ውይ!" ብላ እጇን አፏ ላይ ጫነች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብሎ ለመቁጠር እንኳ ጊዜ ሳይሰጥ ጠፋና የጭላዳ ቂጥ ተተካ።

"ይመለሳል?" አለች።

"ዙሩን ሲጨርስ ይመለሳል። አትቸኩይ፤ ማሽን ነው እንጂ የናንተ አጋሰስ አይደለም" አላት ምንይሉ።

ከዚያ በኋላ መንገዱ በእግር ነው። ዳገቱን ሲጀምሩ ምንይሉ የማኅደሩን ክዳን ሊገጥም ሲል አቶ ትዕዛዙ ከለከሉት።

"ክፍቱን ይሁን። ያላየሁትን አልመሰክርም።"

"ጋሽ ትዕዛዙ፣ ብርድ ይገባዋል እኮ!"

"ታዲያ ብርድ አይነካውም ብለህ አይደል የተወራረድከው?"

ክዳኑ ተከፍቶ፣ መስታወቷ በደረቱ ላይ እንደ ሜዳይ ተንጠልጥላ ወጡ። እታገኝ በግራ፣ አቶ ትዕዛዙ በቀኝ ሆኑ። ዳገቱ መካከል ላይ ወዳጆ ለሁለተኛ ጊዜ መጣ። አሁን እታገኝ ምልክት ይዛለች፤ ሁለቱ ቀበሮዎች ሲያልፉ ትንፋሿን ትይዛለች። ወንድሟ ሲመጣ በሹክሹክታ "ወዳጄ" አለችው፤ ቤት ውስጥ የሚጠሩት እንደዚያ ነበር። ምንይሉ ሰምቷል፤ "ከሥዕል ጋር ታወራለች" ብሎ በልቡ ሳቀ።

ጓሳ ላይ ሲወጡ ነፋሱ ተቀበላቸው። ኅዳር ነው፤ የሌሊቱ ውርጭ ከጥላው ሥር ገና አልሟሸሸም። ሣሩ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ ይተኛል፤ ከጅብራ ተክሎቹ ማዶ ጭላዳዎች ተኮልኩለው ፀሐይ ይሞቃሉ። ምንይሉ ጣቶቹ ደነዘዙ። ዝቅ ብሎ ቢያይ በመስታወቷ ጥግ ላይ የባትሪው ምልክት ከአራት መስመር ወደ አንድ ወርዶ፣ አንዷም ቀይ ሆና ብልጭ ድርግም ትላለች። ገና አራት ሰዓት ከግማሽ ነበር፤ ከበራ ሦስት ሰዓት ተኩሉ ነው።

"የባትሪው ድንጋይ በርዶት ነው" አሉ አቶ ትዕዛዙ። "እኔ የእጅ ባትሪዬ ሲደክምብኝ ድንጋዩን አውጥቼ ብብቴ ሥር እይዘዋለሁ። ትንሽ ነፍስ ይዘራል።"

"ይሄ እንደ እርስዎ ባትሪ የሱቅ ድንጋይ የሚጎርስ አይደለም፣ ጋሽ ትዕዛዙ። ሳይንስ ነው።"

ወዲያው ቀበሮዎቹ አለፉ። ወዳጆ ለሦስተኛ ጊዜ መጣ፣ ሳቀ፣ ሄደ። እታገኝ መንገዱ ላይ ቆመች። ሰዎቹም ቆሙ።

"ጋሼ ምንይሉ፣ ያጥፉት" አለች። "ቀይ ሆኗል፤ እኔም ገብቶኛል። ያጥፉትና ለእናቴ ይትረፍላት። ስለ ማርያም።"

"ካጠፋሁት ተረታሁ።"

"እኔ አለሁ እማኝ" አሉ አቶ ትዕዛዙ፣ ድምፃቸውን ለዘብ አድርገው። "ለሕመምተኛ ብሎ አጠፋው ብዬ ለመምህሩ እነግረዋለሁ። ውርርዱ ሌላ ቀን ይሁን። ይህን የሚቀየም ክርስቲያን የለም።"

በሩ ተከፍቶለት ነበር። ለአንዲት አፍታ የምንይሉ አውራ ጣት ማጥፊያዋ ላይ ተጭኖ እንደነበር እሱ ራሱ ያውቃል። ግን ዮሴፍ ጠላ ቤት ተቀምጦ፣ ከንፈሩን ወደ አንድ በኩል ጠምዞ "ማሽኑ ሲደክምበት አሮጊት ታማ አመካኘ" ሲል ታየው። ሠላሳ ሰው ሲስቅ ተሰማው። በሕይወቱ ሰው የሚስቅበትን ቀን እንደሚፈራ ሞትን እንኳ አይፈራም ነበር።

"ቀይ ማለት አለቀ ማለት አይደለም" አለ። "ቀዩ ራሱ ሁለት ሰዓት ይሄዳል። እናንተ ምን ታውቃላችሁ?" እርምጃውን አፈጠነ። እታገኝ ነጠላዋን አጥብቃ ከኋላ ተከተለች።

አምስት ሰዓት ከአሥር ላይ፣ መንደሩ ማዶ እየታየ፣ አንድ ጭላዳ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ሊያሳይ ሲል መስታወቷ ጨለመች። ምንይሉ ማብሪያዋን ተጫነ፤ ደጋግሞ ተጫነ። አቶ ትዕዛዙ የምንይሉን የእጅ ሰዓት ተመለከቱና "ከበራ አራት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ" ብለው ለምስክርነት ያዙት።

እማማ ጌታነሽን ቀና አድርገው ትራስ አስደግፈዋቸው ነበር። ፊታቸውን ታጥበዋል፤ የታጠበች ነጠላ ለብሰዋል። እግራቸው ላይ የበግ ጠጉር ባና ተደርቧል። ጠዋት "ዛሬ ልጄን አያለሁ" ብለው አጥሚት ጠጥተው እንደነበር ጎረቤቶቹ ነገሩ። ምንይሉን ሲያዩት ሊነሡ ሞከሩ።

"አይነሡ" አለ። "እማማ፣ ባትሪው... ብርሃኑ አልቋል። ሞላሌ ወስጄ መብራት ላይ ሰክቼው እመለሳለሁ። ከነገ ወዲያ።"

የገባቸው አልመሰለም። እጃቸውን ዘረጉ፤ ሳጥኑን ከነማኅደሩ ሰጣቸው። በጣታቸው የጨለመውን መስታወት ዳሰሱት።

"እዚህ ውስጥ ነው ያለው?"

"አዎ።"

"እንዴት ቀዝቅዟል ልጄ!" አሉና ሳጥኑን ባናው ውስጥ ከተው ደረታቸው ላይ አቀፉት። "ቆይ እስቲ፣ ይሙቀው።"

ምንይሉ ይህን ሊታገሥ አልቻለም። ያን ሁሉ መንገድ ተረትቶ መጥቶ፣ አሁን ደግሞ ለማሽን ሙቀት ልትሰጥ የምታቅፍ አሮጊት! የሥጋ ልጃቸው ውስጡ ተኝቶ የሚበርደው መስሏቸዋል እኮ! "ኧረ ያበላሹታል! እንቁላል አደረጉት እንዴ፣ ሊያስፈለፍሉት?" ብሎ እጁን ባናው ውስጥ ሰድዶ ሳጥኑን አወጣ። ጣቶቻቸው የማኅደሩን ጠፍር ይዘው ነበርና አንድ በአንድ ፈታቸው። እሳቸው አልታገሉትም። "ይቅርታ ልጄ፣ አላወቅሁም" አሉት። ቡና እንኳ ሳይቀምስ ወጣ።

ሞላሌ ሲመለስ ዮሴፍ ዘንድ ሄዶ መረታቱን ተናገረ፤ አቶ ትዕዛዙ በሌሉበት አንድ ሁለት ሰዓት መጨመር ስላላማረው አይደለም፤ መምህሩና እማኙ አንድ ቀን እንደሚገናኙ ስላወቀ ብቻ ነው። ከዚያ የሆነውን ሁሉ እያማረረ አወራለት። ነፋሱን አማረረ፤ እማኙ ክዳን አስከፈቱኝ አለ፤ መብራት የሌለው አገር አለ። ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮሃል። በመጨረሻም መምህሩን ሊያስቀው ብሎ፣ አሮጊቷ ሳጥኑን ባና ውስጥ ከትተው ሊያሞቁት እንደነበር ነገረው።

ዮሴፍ አልሳቀም። "ታዲያ ተውካቸው?"

"እብድ ነኝ እንዴ? ቀማኋቸው እንጂ!"

"ምንይሉ" አለ ዮሴፍ ቀስ ብሎ፣ "ብርድ ያደከመው ባትሪ ውስጡ ያለው ሁሉ አላለቀም። ሲሞቅ ትንሽ ይመለሳል። ግማሽ ሰዓት ብትተውላቸው ኖሮ አሥር ደቂቃ እንኳ ይበራ ነበር።" ከወንበሩ ተነሣ። "ሙክቱ ይቅርብኝ" ብሎም ሄደ።

ያን ዕለት ሞላሌ መብራት አልነበረም። በማግስቱም አልነበረም። ምንይሉ ማኅደሩን ደረቱ ላይ አንጠልጥሎ ወደ ኤሌክትሪኩ ምሰሶ እያንጋጠጠ ዋለ። አሥር ደቂቃ። ወዳጆን አንድ ጊዜ ፈልጎ አውጥቶ ለማሳየት አሥር ደቂቃ ተርፎ ይተርፍ ነበር። መላልሶ "መምህሩ ሊያስቆጨኝ ፈጥሮት ይሆናል" ይላል፤ ከዚያ የአቶ ትዕዛዙ ብብት ትዝ ይለዋል። በሦስተኛው ቀን መብራቱ መጣ። ሳጥኑን አድሮ እስኪሞላ ሰካው፤ በማግስቱ ለብቻው ተነሥቶ መሐል ሜዳ አደረ፤ በነጋታው ገና ሳይነጋ ተነሥቶ፣ ክዳኑን ገጥሞ፣ ከጋቢው ሥር አድርጎ፣ ጓሳን አቋርጦ በጠዋት ደረሰ። ሳጥኑ ጠፍቶ ነው የሄደው፤ መስታወቷን አንድ ጊዜ እንኳ አላበራትም።

ከአፋፉ ላይ ሆኖ ደጁ ላይ የተሰበሰበውን ሰው አየ። እማማ ጌታነሽ በዋዜማው ተቀብረዋል።

መመለስ አሰበ፤ ግን ታይቷል። ገባ። ቤቱ በለቀስተኛ ትንፋሽ ይሞቅ ነበር። እታገኝ ከመደቡ ሥር ተቀምጣለች፤ መደቡ ላይ የእናቷ ባና ተዘርግቷል። ምንይሉ ምን እንደሚል አላወቀም፤ ሳጥኑን አውጥቶ አበራው። ልክ ሦስት ሰዓት ነበር። ለቀስተኛው ሁሉ ዝም ብሎ ጭላዳ ያይ ጀመር። አንድ ሰዓት ከሩብ መጠበቅ ለእሱም አልሆነለት፤ በቁልፏ ወደፊት እያዘለለ፣ ቀበሮዎቹን አሳልፎ፣ የራሱን ከረባቶች አሳልፎ ወዳጆ ላይ ደረሰና አንዲት ቁልፍ ነካ። ወዳጆ ቆመ። ሳቁ አልሄደም።

ሴቶቹ አለቀሱ። እታገኝ ግን አላለቀሰችም፤ የቆመውን ወንድሟን ብዙ አየችው።

"ማስቆም ይቻላል ማለት ነው?" አለች።

"ይቻላል።"

"ያን ዕለትም ይቻል ነበር?"

"ይቻል ነበር" አለ ምንይሉ።

ሳጥኑን ከእጁ ተቀበለችውና ባናው ላይ፣ እናቷ ተኝተውበት በነበረው ቦታ አስቀመጠችው። አጥፊው ያላት የለም፤ ያጠፋውም የለም። ሰው ይገባል፣ ወዳጆን ያያል፣ ያለቅሳል፣ ይወጣል። እኩለ ቀን አለፈ። ፀሐይዋ ዘቀዘቀች። ወዳጆ ግን በሞቀው ቤት ውስጥ፣ በሞቀው ባና ላይ፣ ቀይ ምልክት ሳይታይበት ይስቃል።

ምንይሉ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ነበር። አቶ ትዕዛዙ መጥተው አጠገቡ ተቀመጡ። ከዚያ ወደ ሳጥኑ እያዩ፣ በለሆሳስ፣ የመንገድ ወሬ የሚጠይቁ ያህል፣

"ስንት ሞላ?" አሉት።

"ከበራ ሰባት ሰዓት ከሩብ፤ ገና ሁለት መስመር..." አለ ምንይሉ፣ ከአፉ ከወጣ በኋላ ቃሉን ለመዋጥ እየሞከረ። ግራ እጁ ላይ የእጅ ሰዓቱ ፊት ተገልጦ ነበር።

አቶ ትዕዛዙ ዞረው አላዩትም። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ተነሡና ሌላ ቦታ ሄደው ተቀመጡ።